የቤት መኪናው ሲቀር፦ የአምራቾች ትርፍ፣ የጁባ ጭቃ እና የ“ቪ8” ዘመን

በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ መኪና የሚለየው በሚሄድበት መንገድ ነው። “የቤት መኪና” ሲባል ወለሉ ወደ መሬት የቀረበ፣ የዕቃ ማስቀመጫው ከኋላ ተለይቶ የተዘጋ፣ ለአስፋልት የተሠራ አውቶሞቢል ማለት ነው፤ በሌላው ዓለም ሴዳን ይሉታል። “የመስክ መኪና” ደግሞ ከመሬት ከፍ ያለ፣ የሞተሩ ጉልበት ለአራቱም ጎማ የሚደርሰው፣ ከከተማ ወጥቶ ለገጠር ሥራ የሚሰማራ ነው። ባለፉት አርባ ዓመታት ገደማ ታላላቆቹ የመኪና አምራቾች ይህን ድንበር አፍርሰውታል። በመጀመሪያ የመስክ መኪናውን መልክ ለከተማ ቤተሰብ ሸጡ፤ ቀጥሎም የቤት መኪናውን ራሱን ከማምረቻ መስመራቸው ያስወጡት ጀመር።

ዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ እንደሚለው እአአ በ2023 በዓለም ላይ ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች 48 በመቶ ያህሉ ኤስዩቪ የሚባሉት ከፍ ያሉ መኪኖች ናቸው። ጉዳዩ የዲትሮይትና የቶኪዮ ብቻ ቢመስልም፣ አብዛኛው የምሥራቅ አፍሪካ ነዋሪ የሚነዳው ሌላ አገር ለዓመታት የተነዳ መኪና ነው። ዛሬ በጃፓን ያልተመረተ ርካሽ የቤት መኪና ከአስር ዓመት በኋላ በጁባ ገበያ ሊገኝ አይችልም።

ጁባ ለዚህ ታሪክ የተለየ ቦታ አላት። የመስክ መኪና በእውነት የሚያስፈልጋት ከተማ ናት፤ የመስክ መኪና የሥልጣን ልብስ የሆነባትም ከተማ ናት። ሁለቱን ለይቶ ማየት ግን ቀላል አይደለም።

መንገዱ ያስገደደው መኪና

የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት በ2005ቱ ሁሉን አቀፍ የሰላም ስምምነት ሲቆም ጁባ አስፋልት የለበሰ መንገድ አልነበራትም ማለት ይቻላል። ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 9 ቀን 2011 ነፃነቷን ስታውጅም ከ600 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ በሚሰፋው ግዛቷ ውስጥ ከተማን ከከተማ የሚያገናኝ የተጠናቀቀ የአስፋልት አውራ ጎዳና አልነበራትም። የመጀመሪያው በዩናይትድ ስቴትስ የልማት ተራድኦ ድርጅት ገንዘብ ተሠርቶ በ2012 የተጠናቀቀው፣ ጁባን ከኡጋንዳ ድንበር ከተማ ከኒሙሌ ጋር የሚያገናኘው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ወጪው 225 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

ከዚያ መንገድ ውጪ ያለውን ጉዞ የሚወስነው አፈሩ ነው። በሰፊው የአገሪቱ ክፍል የሚገኘው መሬት የኢትዮጵያ ገበሬ ዋልካ የሚለው ዓይነት ጥቁር ሸክላ አፈር ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ነጭ አባይ የሚንጣለልበት የሱድ ረግረግ ሲጨመርበት፣ በዝናብ ወራት ከአገሪቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክፍል በመኪና የማይደረስበት ይሆናል። በዚህ ጊዜ እህልና መድኃኒት የሚጓጓዘው በአውሮፕላንና በጀልባ ነው።

እንዲህ ባለው መሬት ላይ የቤት መኪና ይዞ መውጣት መኪናውን እዚያው ለመተው እንደ መወሰን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተልዕኮ፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራም እና በደርዘን የሚቆጠሩ የእርዳታ ድርጅቶች በአብዛኛው አንድ ዓይነት መኪና የያዙት ለዚህ ነው፤ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ረጅም የሬዲዮ አንቴና ፊቱ ላይ የተተከለ ቶዮታ ላንድክሩዘር። ኢትዮጵያውያን ሹፌሮች “ሀርድቶፕ” ይሉታል። ይህ 70 ተብሎ የሚታወቀው ዝርያ ገበያ ላይ የዋለው በ1984 ሲሆን መሠረታዊ ቅርጹ ሳይለወጥ እስከ ዛሬ ይመረታል። በአፍሪካ በብዛት የሚታየው 4.2 ሊትር የሚይዝ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያለው ነው፤ ኤሌክትሮኒክስ የማይበዛበት በመሆኑ ኮምፒውተር የሌለው መካኒክ በመፍቻና በልምድ ሊጠግነው ይችላል። ለእርዳታ ድርጅቶች የሚሄደውን አብዛኛውን አዘጋጅቶ የሚያቀርበው ጅብራልታር ላይ የተቀመጠ አንድ የቶዮታ አከፋፋይ ነው።

የላንድክሩዘር መነሻም ከጦር ሜዳ የራቀ አልነበረም። ቶዮታ በ1951፣ በኮሪያ ጦርነት ዘመን፣ የአሜሪካኑን ጂፕ የሚመስል መኪና ሠራ፤ በ1954 ላንድክሩዘር ብሎ ሰየመው። ኩባንያው በ2019 እንዳስታወቀው ከመነሻው እስከዚያ ጊዜ የተሸጠው ከ10 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። ከዚህ ውስጥ ስንቱ ለሐኪም፣ ስንቱ ለወታደር እንደደረሰ የሚናገር ሰነድ የለም፤ ነገር ግን በ1987 ቻድና ሊቢያ የተዋጉበት የመጨረሻ ምዕራፍ “የቶዮታ ጦርነት” የሚል ስም ያተረፈው የቻድ ተዋጊዎች በጃፓን ፒክአፖች ላይ መሣሪያ ጭነው በመዝመታቸው እንደሆነ ይታወቃል። በደቡብ ሱዳንም ከ2013 በኋላ በተቀሰቀሰው ጦርነት መትረየስ የተጠመደበት ፒክአፕ የተለመደ ትእይንት ነበር።

“ቪ8” ማዕረግ ሲሆን

ከሀርድቶፑ ጎን ለጎን ጁባ ውስጥ ሌላ ላንድክሩዘር አለ። ቶዮታ በ2007 ያወጣው 200 የተባለው ዝርያ ስምንት ሲሊንደሮቹ በ“ቪ” ቅርጽ የተደረደሩ ትልቅ ሞተር፣ የቆዳ ወንበርና የሳሎን ምቾት ያለው ነው። የወጣበት ጊዜ የነዳጅ ገቢ ለደቡቡ አስተዳደር መድረስ ከጀመረበት ዘመን ጋር ገጠመ፤ የከተማይቱም የሹማምንት ደረጃ መለያ ሆነ። ሰዉም በሞተሩ ስም “ቪ8” አለው። ቶዮታ በ2021 ተተኪውን ሲያወጣ ስምንቱን ሲሊንደር ወደ ስድስት ዝቅ አደረገው፤ ስሙን ግን ፋብሪካው ሊያወርደው አልቻለም። አዲስ አበባም ውስጥ የመኪናው ስም ይኸው ነው፤ የቀደሙት ዝርያዎች “ኮብራ” ይባሉ እንደነበረው።

ጉዳዩን የሕዝብ መነጋገሪያ ያደረገው በሐምሌ 2018 የተሰማው ዜና ነው። መንግሥት ለ400 የምክር ቤት አባላት ለመኪና መግዣ ለእያንዳንዳቸው 40 ሺህ ዶላር፣ በጠቅላላው 16 ሚሊዮን ዶላር መስጠቱን የፕሬዝዳንቱ ጽሕፈት ቤት ቃል አቀባይ አረጋገጡ። ጊዜው አገሪቱ በጦርነት ላይ ያለችበት፣ የሰላም ድርድሩ የቀጠለበት፣ የመንግሥት ሠራተኞችም ለወራት ደመወዝ አልተከፈለንም የሚሉበት ነበር። የምክር ቤት አባል ወደ መረጠው ሕዝብ ለመድረስ ጠንካራ መኪና ያስፈልገዋል የሚለው መከራከሪያ ከላይ ለተጠቀሰው አፈር ከንቱ አይደለም። ሆኖም አንድ ቀላል ስሌት ይቻላል። የጁባ ኒሙሌ መንገድ አንዱ ኪሎ ሜትር በአማካይ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል፤ 16 ሚሊዮኑ ደግሞ እንዲህ ያለ መንገድ 13 ወይም 14 ኪሎ ሜትር ይሠራል። ጁባን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ አያንስም።

መንገድ ሲሠራ ተጠቃሚው ቦዳ ቦዳ ላይ የተቀመጠው ተሳፋሪም፣ ሚኒባስ የሚጠብቀውም ነው። መኪና ሲገዛ ግን መጥፎው መንገድ ለገዢው ብቻ ችግር መሆኑ ይቀራል። ከመኪናው ዋጋ ይልቅ ብዙ የሚያስከፍለው ይህ ይመስላል፤ ስለ ጉድጓዱ መወሰን የሚችለው ሰው ጉድጓዱ አይሰማውም።

አምራቾቹ ለምን ወደዚህ ዞሩ?

የመስክ መኪናን ወደ ከተማ ያመጣው የአሜሪካ ገበያ ነው፤ አመጣጡም በገዢው ፍላጎት ብቻ አይገለጽም። ታሪኩ የሚጀምረው፣ የሚያስቅ ቢመስልም፣ ከዶሮ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ምዕራብ ጀርመንና ፈረንሳይን ጨምሮ የአውሮፓ አገሮች ርካሽ የአሜሪካ ዶሮ ገበያቸውን እንዳያጥለቀልቅ ቀረጥ ጣሉ። ፕሬዝዳንት ሊንደን ጆንሰን በታኅሣሥ 1963 አጸፋውን ሲመልሱ ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ የ25 በመቶ ቀረጥ ጣሉ። የዶሮው ጠብ ተረሳ፤ ቀረጡ ግን ቀረ። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ ኩባንያዎች በቤት መኪና ከጃፓን ጋር ሲተናነቁ በፒክአፕ ግን ከአጥር ጀርባ ሆነው መሸጥ ቻሉ።

ሁለተኛው ምክንያት የነዳጅ ቁጠባ ሕጉ ነው። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ በ1975 የወጣው የአሜሪካ ሕግ አምራቾች የሚሸጧቸው መኪኖች በአማካይ በአንድ ጋሎን የሚሄዱትን ርቀት እንዲያሻሽሉ አስገደደ። ሕጉ ግን “ቀላል የጭነት መኪና” ለሚባሉት ለዘብ ያለ መለኪያ ሰጠ፤ እነዚህ የገበሬና የእጅ ባለሙያ መሣሪያ ናቸው ተብሎ ስለታሰበ። አምራቾቹ የተከፈተውን በር አዩት። በጭነት መኪና ወለል ላይ የቤተሰብ መቀመጫ ቢያኖሩ፣ መኪናው በሕግ ፊት ጭነት፣ በገዢው ዓይን ደግሞ የቤት መኪና ይሆናል። በ1984 ብቅ ያለው ጂፕ ቼሮኪና በ1990 የመጣው ፎርድ ኤክስፕሎረር መንገዱን ጠረጉ። ቶዮታ በ1994 ራቭ4ን ሲያወጣ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ፤ ከላይ ሲያዩት የመስክ መኪና የሚመስለው፣ ከሥር ግን የቤት መኪና አካል ያለው አዲስ ዝርያ ተወለደ።

ትርፉ የሚገኘው ከዚህ ነው። አንድ አምራች የቤት መኪናና ኤስዩቪ በአንድ ወለል፣ በአንድ ሞተር፣ በአንድ ማርሽ ሳጥን ላይ ሊሠራ ይችላል። ከፍ ያለውን ለመሥራት የሚጨመረው ብረትና ጎማ ጥቂት ነው፤ ገዢው ለከፍታውና ለግርማው የሚጨምረው ገንዘብ ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በትንሽ የቤት መኪና ላይ ጥቂት መቶ ዶላር ለማትረፍ የሚታገል ኩባንያ በትልቅ ፒክአፕ ላይ ሺዎችን ያገኛል። ከ1977 ጀምሮ በአሜሪካ ከፒክአፖች ሁሉ በሽያጭ አንደኛ ሆኖ የቆየው የፎርድ ኤፍ ተከታታይ ለኩባንያው ምን ያህል ውድ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ውሳኔው በይፋ የተነገረው እየዋለ እያደረ ነው። ፊያት ክራይስለር በ2016 ዶጅ ዳርትና ክራይስለር 200 የተባሉ የቤት መኪኖቹን ማምረት አቆመ። በሚያዝያ 2018 ፎርድ በሰሜን አሜሪካ ከማስታንግ ስፖርት መኪናና ከአንድ ሌላ ሞዴል በቀር አውቶሞቢል መሸጥ እንደሚያቆም፣ በ2020 ከሚያቀርባቸው ሞዴሎች 90 በመቶ ያህሉ ፒክአፕ፣ ኤስዩቪና የሥራ መኪና እንደሚሆኑ አስታወቀ። ፊየስታ፣ ፎከስ፣ ፊውዥንና ቶረስ በዚህ መንገድ ተሰናበቱ። በኅዳር 2018 ጄኔራል ሞተርስ ሼቭሮሌት ክሩዝ የሚሠራበትን የሎርድስታውን ፋብሪካ ጨምሮ ለበርካታ ፋብሪካዎቹ ሥራ እንደማይመድብ ሲናገር፣ ከቤት መኪናው ጋር ሥራቸውን ያጡ ሠራተኞችም ነበሩ።

ይህ መንገድ አደጋ እንዳለው አምራቾቹ ያውቃሉ። በሐምሌ 2008 የነዳጅ ዋጋ በበርሜል 147 ዶላር ሲነካ የትልልቅ መኪኖች ገዢ ጠፋ፤ የገንዘብ ቀውሱ ተጨምሮበት ጄኔራል ሞተርስ በሰኔ 2009 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ፤ ሀመር የተባለው ግዙፍ መኪናውም ቀረ። ነዳጁ ሲረክስ ግን ትምህርቱ ተረሳ። ሀመር እንኳን በኤሌክትሪክ ተመልሷል።

ከቶኪዮ እስከ ኒሙሌ

ጃፓን ውስጥ ለውጡ ዝግ ያለ ቢሆንም አቅጣጫው ያው ነው፤ ለምሥራቅ አፍሪካም ከዲትሮይቱ ይልቅ የሚያሳስበው ይህኛው ነው። ቶዮታ ማርክ ኤክስን በ2019 መጨረሻ፣ በናይሮቢና በካምፓላ እጅግ የሚፈለጉትን ፕሪሚዮንና አሊዮንን በመጋቢት 2021 ማምረት አቆመ። በ2022 አዲሱን ክራውን ሲያስተዋውቅ፣ ለአስርት ዓመታት የጃፓን ሹማምንት የቤት መኪና የነበረው ስም ከፍ ባለ አካል ላይ ተለጥፎ ቀረበ። ኮሮላ እንኳን ከ2020 ጀምሮ “ክሮስ” የሚባል ከፍ ያለ ወንድም አግኝቷል።

ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች ጁባ የሚደርሱት በአብዛኛው ከሞምባሳ ወደብ ተነሥተው በኬንያና በኡጋንዳ አቋርጠው፣ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው በኒሙሌ በኩል ነው። በዚህ ጉዞ ላይ አንድ የቆየ ችግር አለ። ጃፓን፣ ኬንያና ኡጋንዳ በግራ ይነዳሉ፤ ደቡብ ሱዳን ግን ሱዳን በ1973 ወደ ቀኝ ከተሻገረች ወዲህ በቀኝ ትነዳለች። ኢትዮጵያም በ1964 ይህንኑ አድርጋለች። ስለዚህ መሪው በቀኝ የሆነ መኪና የያዘ የጁባ ሹፌር ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም ሲፈልግ መጪውን ለማየት መኪናውን ግማሽ አካል ወደ ተቃራኒው መስመር ማውጣት አለበት፤ ወይም ጎኑ የተቀመጠውን ሰው ማመን አለበት። ከፍ ያለ መኪና ላይ የተቀመጠው ቢያንስ አሻግሮ ያያል። ከኋላው በዝቅተኛ መኪና የሚከተለው ግን የሚያየው የፊተኛውን የኋላ መስታወት ብቻ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የጠቆረ ነው። አንዱ ከፍ ሲል ሌላውም ከፍ ለማለት የሚገደደው እንዲህ እያለ ነው።

በእግሩ የሚሄደው ግን ከፍ ሊል አይችልም። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት የመድን ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት የፊት አፍንጫቸው ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ያለ መኪኖች እግረኛ ሲገጩ የመግደል ዕድላቸው ዝቅተኛና ወደፊት ያዘቀዘቀ አፍንጫ ካላቸው ጋር ሲነጻጸር 45 በመቶ ገደማ ይበልጣል። የቤት መኪና እግር ይመታል፤ ከፍ ያለው ደረትንና የሕፃን ጭንቅላትን። በአሜሪካ በ2022 ከ7,500 በላይ እግረኞች በመኪና ተገጭተው ሞተዋል። የእግረኛ መንገድ ባልተለየባቸው የጉዴሌ ወይም የኮንዮ ኮንዮ ገበያ አካባቢ ጎዳናዎች ይህ ልዩነት ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ጥናት ባይኖርም፣ የአጥንትና የብረት ሕግ በሁሉም አገር አንድ ነው።

የነዳጁ ነገር ደግሞ የራሱ ምጸት አለው። ደቡብ ሱዳን የመንግሥት ገቢዋ በአብዛኛው በድፍድፍ ነዳጅ ሽያጭ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ጁባ የሚቀዳው ቤንዚንና ናፍጣ ግን ተጣርቶ ከውጭ፣ በዚያው በኒሙሌ መንገድ በቦቴ የሚገባ ነው። ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ሞተር የሚጠጣው እያንዳንዱ ሊትር በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነው።

አዲስ አበባ የመረጠችው ሌላ መንገድ

ቀረጥ የጎዳናን መልክ እንደሚቀርጽ ለማየት የአዲስ አበባ ምሳሌ ይበቃል። በ2002 የወጣው የኢትዮጵያ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ መኪናን በሞተሩ መጠን ይለካ ነበር፤ እስከ 1,300 ሲሲ ለሆነ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ለሆነ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 100 በመቶ። ከተማይቱ በቪትዝና በትንንሽ ኮሮላዎች የተሞላችው ነዋሪው ትንሽ መኪና ስለወደደ ብቻ አይደለም። ቪ8 እና ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ የሚታዩት በአብዛኛው ቀረጥ የማይከፍሉ ወይም ቀረጡን ሕዝብ የሚከፍልላቸው ተቋማት በር ላይ ነበር። አሜሪካ ለትልቁ መኪና በር ስትከፍት ኢትዮጵያ ዘጋች፤ ሁለቱም ያገኙት የቀረጡትን ነው።

መንግሥት በ2020 ባሻሻለው አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በጥር 2024 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በቦታቸው የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ለነዳጅ የሚወጣውን ምንዛሪ ይቆጥባሉ። መልካቸውን ላስተዋለ ግን ሌላ ለውጥም ይታያል፦ ከቻይና የሚመጡት የቮልስዋገን አይዲ4 እና አይዲ6፣ የቢዋይዲ ሞዴሎችም ብዙዎቹ ከፍ ያሉ ናቸው። የሞተር ሲሲ የሚለካው ቀረጥ ሲሲ የሌለውን መኪና አይመዝነውም፤ ባትሪው ደግሞ መኪናውን ያከብደዋል። ቪትዝ የነዱ ቤተሰቦች ዛሬ አቅማቸው ከፈቀደ የሚገዙት በቁመትም በክብደትም የሚበልጣትን ነው።

ጁባ ላይ እንዲህ ያለ መመዘኛ ከመጣሉ በፊት የመንገዱ ጥያቄ ይቀድማል። ጃፓን በእርዳታ የሠራችው፣ በግንቦት 2022 የተመረቀው የአባይ ላይ “የነፃነት ድልድይ” ለከተማይቱ ትልቅ እፎይታ ሆኗል። ኢትዮጵያም ከፓጋክ እስከ ፓሎች የሚዘረጋውን 220 ኪሎ ሜትር መንገድ ለመሥራት ከ738 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለማበደር በ2023 ተስማምታለች፤ ዕዳው የሚከፈለው በነዳጅ ነው። እንዲህ ያሉት መንገዶች ሲያልቁ በጁባ ሆቴልና ሱቅ የከፈቱት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም፣ የአገሩ መምህርና ነርስም ዝቅ ያለች ርካሽ መኪና ይዘው ሩቅ መሄድ ይችሉ ይሆናል።

ጥያቄው ያን ጊዜ መኪናዋ ትኖራለች ወይ የሚለው ነው። ኬንያ ከተመዘገበ ስምንት ዓመት ያለፈውን መኪና አታስገባም፤ ኡጋንዳ ከ2018 ጀምሮ የምትከለክለው ከተሠራ 15 ዓመት ያለፈውን ነው። በዚህ ስሌት በ2021 የተመረቱት የመጨረሻዎቹ ፕሪሚዮዎች ወደ ናይሮቢ ገበያ መግባት የሚችሉት እስከ 2028 መጨረሻ፣ ለጁባ ገዢ ቅርብ ወደሆነው ወደ ካምፓላ ደግሞ እስከ 2036 ገደማ ነው።